አሲድ ሊውጥ ነው አሉ

እግሬ ከእኔ ተለይቶ የራሱን ኑሮ መኖር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ጣቶቼ አካባቢ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስለኝ ነበር። ቀጥሎ ጉንዳኖቹ ሄዱና በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ አንዳንዱ ቦታ ጭራሽ ዝም አለ። የሚያቃጥል እግር ያናድዳል፤ ዝም ያለ እግር ግን ያዋርዳል። እንዴት እንደሚያዋርድ ልንገራችሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ እዚሁ ሰቆጣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ተውላጠ ስም እያስተማርኩ ሳለ ፊት የተቀመጡት ልጃገረዶች ወደ መሬት እያዩ ይሳሳቃሉ። "ምንድን ነው የሚያስቀው?" አልኩ ቆጣ ብዬ። አንዷ ተነሣችና በትሕትና፣ "ቲቸር፣ ጫማዎ" አለችኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ በቀኝ እግሬ የራሴን ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ በግራው የባለቤቴን የታደሉን ሮዝ ነጠላ ጫማ አድርጌያለሁ። ከቤቴ ጀምሮ ያለውን ዳገት በሙሉ፣ በገበያው መሀል አቋርጬ የመጣሁት እንዲያ ሆኜ ነው። የዚያን ቀን ሰላም የሚለኝ ሰው ለምን እንደበዛ የገባኝ ያኔ ነው። ሌላ መውጫ ስላጣሁ፣ "እንግዲህ አገናዛቢ ተውላጠ ስም ማለት ይህ ነው፤ ይህ የእኔ፣ ይህ የእሷ" ብዬ ሁለቱንም እግሮቼን በተራ አነሣሁና ትምህርቱን ቀጠልኩ። በፈተናው ላይ ያቺን ጥያቄ የሳተ ተማሪ አልነበረም።

ነገሩ የስኳር በሽታ ነው። ሐኪሙ ስኳሩ ቆይቶ የእግሬን ነርቭ እንደነካው ነግሮኛል። መድኃኒቴን በሰዓቱ እንድውጥ፣ በእግሬ እንድንቀሳቀስ፣ ማታ ማታ እግሬን አገላብጬ እንዳይ አዞኛል። ሁሉንም አደርጋለሁ። የማላደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሽታውን ለሰው መናገር። እዚህ አገር ስኳር አለብኝ ያለ ሰው በየድግሱ ብርጭቆው የሕዝብ ጉዳይ ይሆናል። አንዱ "ተው ይቅርብህ" ይላል፤ ሌላው "ቅመሳት፣ ለዛሬ ምንም አትልህም" ይላል፤ ሦስተኛው በስኳር የሞቱ ዘመዶቹን ይቆጥርልሃል። ይህን ሁሉ ከመስማት ብዬ ምስጢሩን ለሦስት ያዝነው፤ ሐኪሙ፣ ታደሉና እኔ።

ታደሉ ግን ጅዳ ለምትሠራው ለእህቴ ልጅ ለምሕረት በስልክ ስታጫውታት ሹልክ አለባት። አራት ሆንን።

ምሕረት ሆደ ቡቡ ናት። ትንሽ አለቀሰችና፣ "ጋሼ፣ የአሠሪዬ እናት እግራቸውን ሲያቃጥላቸው የሚውጡት የነርቭ ቫይታሚን አለ። ልላክልህ፣ አንተ ብቻ ምረጥ" አለችኝ። ወዲያው በቴሌግራም የሦስት ብልቃጥ ፎቶ መጣ። አንደኛው ላይ አንድ ሽማግሌ በባሕር ዳርቻ ይሮጣሉ። ሁለተኛው ላይ አረንጓዴ ቅጠል አለ። ሦስተኛው ጥቁር ሆኖ፣ ጡንቻው ልብሱን ሊቀድ የደረሰ ጎረምሳ ቆሞበታል። የተጻፈባቸው የሚሊግራም ቁጥርም ይለያያል፤ ስድስት መቶ፣ ሦስት መቶ፣ መቶ።

የተማረ ሰው በዚህ ጊዜ ሐኪም ይጠይቃል። እኔ ከታደሉ ጋር ተቀምጬ ፎቶ ማየት ያዝኩ። "ጎረምሳው ይቅርብህ፤ ያንን ውጠህ እንዲያ ብትሆን ሸሚዝ ከየት አመጣለሁ?" አለች። ቅጠሉን እኔ ጠላሁት፤ ቅጠል ካማረኝ የማምነው እዚሁ አገር ቤት ሞልቷል። ሽማግሌው ሁለታችንንም ደስ አሰኙን። ጫማ አላደረጉም፤ አሸዋ ላይ በባዶ እግራቸው ነው የሚሮጡት፤ ፊታቸው ላይ የስቃይ ምልክት የለም። ቁጥራቸውም ስድስት መቶ ነው። ሠላሳ ዓመት ውጤት ስሞላ የኖርኩ ሰው በመሆኔ ትልቅ ቁጥር ሳይ ልቤ ይረጋል። "ሽማግሌውን ላኪልን" አልናት።

ብልቃጡ ከጅዳ እዚሁ ዋግ ውስጥ ወዳለችው ኒሯቅ በምትመለስ ልጅ እጅ መጥቶ ከወር በኋላ ደረሰን። ታደሉ ጽሑፉ በሙሉ ሳይነበብ አንዲት ፍሬ እንዳልነካ አስማለችኝ። የሳይንስ እንግሊዝኛ ሆኖብኝ እንጂ እኔም ማንበብ አላቃተኝም ነበር። በማግስቱ ትምህርት ቤት ይዤው ሄድኩና በሻይ ሰዓት ለኬሚስትሪ መምህሩ ለደሴ ሰጠሁት።

ደሴ መነጽሩን አስተካክሎ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። "አልፋ... ሊፖይክ... አሲድ።"

"ምን?"

"አሲድ። አሲድ ነው የሚለው።"

ሻይ የሚያፈሉልን እትዬ ዝናሽ ብርጭቆ እያነሡ ነበር። ቆም አሉና፣ "ምን ሊያደርጉት ነው መምህር?" አሉኝ።

"ልውጠው ነው" አልኩ።

"ለምን?"

እዚህ ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ግን ስኳሬን ደብቄ መመለስ ነበረብኝ። ስለ እግሬ እያሰብኩ፣ "እንዲያው ሰልችቶኛል እትዬ ዝናሽ። ይሄን ስቃይ አንዴ ብገላገለው ብዬ ነው" አልኳቸው።

ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡና ወጡ። ደሴ ከኋላቸው፣ "ሎሚም እኮ ውስጡ አሲድ አለው፤ ሁሉም አሲድ አያቃጥልም" እያለ ማብራራቱን ቀጠለ። እሳቸው ግን ይህን ሳይሰሙ ገበያ ገብተዋል።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ብርቱካን የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ብልቃጡን አገላብጣ ክዳኑ አለመከፈቱንና ጊዜው አለማለፉን አየች። "ቲቸር፣ ስሙ እንጂ እንደሚፈሩት ዓይነት አሲድ አይደለም" አለች። "የነርቭ ማቃጠል ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ቀለል ይለናል ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ምንም ለውጥ አያዩም። የስኳር መድኃኒትዎን ግን አይተካም። ያንን ትተው ይሄን ቢይዙ እኔ ራሴ ቤትዎ መጥቼ እጣላዎታለሁ። ስኳርዎንም ዝቅ ሊያደርገው ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪምዎ ይወቀው። ከፈቀደልዎ ጠዋት በባዶ ሆድ ይውጡና ግማሽ ሰዓት ቆይተው ቁርስ ይብሉ። ላብ ላብ ካለዎት ወይም ከተንቀጠቀጡ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ይቅመሱ።" ከዚያ ጎንበስ ብላ ሥዕሉን እያየች፣ "ይሄኛውን በምን መረጡት?" አለችኝ። በሽማግሌው መሆኑን መናገር አፈርኩና፣ "አጥንቼ ነው" አልኳት።

ቤቴ ስደርስ ግቢው ሞልቷል። መጀመሪያ ታደሉ ምን ሆነችብኝ ብዬ ደነገጥኩ። ታደሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትንቀጠቀጣለች። ሴቶቹ ከበው "አይዞሽ" ይሏታል። ጠጋ ብዬ ሳያት የምትንቀጠቀጠው በሳቅ ነው። የመጡበትን ነገር ከነገሯት ጀምሮ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፤ ምስጢሬንም ማውጣት ስላልፈለገች ሽፍን ብላ መቀመጥ ነበር ምርጫዋ።

የንስሐ አባታችን አባ ሞላ መሀል ላይ ተቀምጠዋል። ርእሰ መምህራችንና የሰፈሩ ሽማግሌዎች አጠገባቸው ናቸው። ጎረቤቶቹ ዙሪያውን ቆመዋል።

"ልጄ፣ ነፍስ የፈጣሪ ናት" አሉኝ አባ ሞላ።

"ናት አባ።"

"እንዲህ ከሆነ ብልቃጡን አምጣው።"

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አራግፈው ድምፁን ሰሙ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው፣ "ደረቁ ዓይነት ነው" አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደረቁ ከፈሳሹ የባሰ እንደሆነ ሁሉም የሚያውቅ ይመስላል።

ርእሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የሥራ ጫና ከሆነ ይንገሩን መምህር። ክፍለ ጊዜ እንቀንስልዎታለን። የዓርቡን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜም ቢሆን ለሌላ መስጠት እንችላለን።" እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ አፍታ ዝም ብዬ ልጠቀምበት አስቤ ነበር። የዓርብ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ያስተማረ ሰው ብቻ ነው።

"ለጤናዬ ብዬ ነው" አልኩ። ሁሉም በሐዘን አዩኝ። ሰው እንዲህ ካለ ነገሩ ጠንቷል ማለት ነው።

ጥፋቱ በትዳር ውስጥ ነው ተባለና እኔንና ታደሉን ፊት ለፊት አስቀምጠው ሊያስታርቁን ጀመሩ። "አንቺ ልጅ፣ ምን በድሎሻል? ተናገሪ" አሏት። ታደሉ ነጠላዋን ከፊቷ ሳታነሣ ለረጅም ጊዜ አሰበች። "ነጠላ ጫማዬን አስፍቶብኛል" አለች። ይህን ይቅር እንድትለኝ ተለመነች፤ እሷም ይቅር አለችኝ። እኔም እንድበድላት ያደረገችኝን ይቅር በል ተባልኩ፤ አልኩ። መስቀል ተሳለምን። ብልቃጡ አባ ሞላ ዘንድ በአደራ እንዲቀመጥ ተወሰነና ጉባኤው ተበተነ።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ለካ ወሬው የገበያተኛውን እግር ተከትሎ ወደ ዋግ ቆላ፣ ወደ ዝቋላ እየወረደ ኖሯል።

ዝቋላ ታላቅ ወንድሜ አያ ካሳው አለ። ፍየል ያረባል፣ ማሽላ ያርሳል፣ ንብ ያነባል። እኔና እሱ ሦስት ዓመት ሳንነጋገር ኖረናል። ምክንያቱ ማር ነው። በየዓመቱ ከቀፎው መጀመሪያ የሚቆርጠውን ነጭ ማር ለእኔ ይልክ ነበር። ስኳር እንዳለብኝ በተነገረኝ ሰሞን የላከው ማር መጣ። ቤቴ ውስጥ ቢቀመጥ እንደማልተወው ስለማውቅ፣ ምክንያቱንም መናገር ስላልፈለግሁ፣ "ማር አልፈልግም፣ ከእንግዲህ አትላክ" ብዬ ባመጣው ሰው እጅ መለስኩት። አያ ይህን ሰማና፣ "የከተማ ሰው ሆኖ ማሬን ናቀ" አለ። ከዚያ ወዲህ አልጠራኝም፤ እኔም ለማስረዳት ስፈራ፣ ዛሬ ነገ ስል ሦስት ዓመት ሆነኝ።

ወሬው እሱ ዘንድ ሲደርስ ቅርጹ ተቀይሯል። ሰዎቹ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ሲነጋገሩ "አሲድ" ለሚለው ቃል ያገኙለት ትርጉም የመኪና ባትሪ ውሃ የሚል ነው። "ሊውጥ ነው" የሚለውም መንገድ ላይ "ጠጣ" ሆኗል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ካልሲዬን እያጠብኩ ሳለ ከአጥሩ ውጭ ልቅሶ ሰማሁ። ጎረቤት ማን ሞተ ብዬ እጄን አራግፌ በሩን ስከፍት አያ ካሳው ነው። ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አገልድሟል። ከኋላው ሁለት የመንደሩ ሰዎች አብረውት ያለቅሳሉ። እየተያየን ቆምን። ልቅሶው ከኋላ ጀምሮ ቀስ በቀስ ቆመ።

"አለህ?" አለኝ።

"አለሁ አያ።"

"የባትሪ ውሃ ጠጥቶ ሰው ይተርፋል?"

"አልጠጣሁም።"

በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሰውየው አንድ ሙሉ ቀን በእግሩ ሄዶ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ነው የመጣው። ከንፈሩ ደርቋል። ታደሉ ውሃ ይዛ ስትወጣ፣ ልቅሶውን የሰሙት ጎረቤቶች፣ አባ ሞላ፣ እትዬ ዝናሽና ርእሰ መምህሩ ሳይቀሩ እየተንደረደሩ ደረሱ። የፈሩት ቀን ደርሷል ብለው ነው። በሕይወት ሲያገኙኝ ግማሾቹ ደስ አላቸው፤ ግማሾቹ ግራ ገባቸው።

አያ ውሃውን ሳይጠጣ ይዞ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ። "በእኔ ምክንያት ነው? ስለኮረፍኩህ ነው? እውነቱን ንገረኝ። መንገዱን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው የመጣሁት።"

አንድ ሽማግሌ ወንድም፣ ከአንድ ስንፍናዬ የተነሣ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት ራሱን እየከሰሰ መምጣቱን ሳስብ ምስጢሬ ምንም ዋጋ እንዳልነበረው ታየኝ። "አይደለም አያ" አልኩት፣ ሁሉም እየሰማ። "ስኳር አለብኝ። ሦስት ዓመት አልፎኛል። እግሬን እያቃጠለኝ ነው። አሲድ የተባለው ለእሱ የሚዋጥ ነገር ነው። ማሩንም የመለስኩት ብበላው ስለሚጎዳኝ ነው። ስኳር አለብኝ ማለት አፍሬ ነው።"

አያ ውሃውን እንደያዘ ቀና አለ።

"ታዲያ 'ስኳር አለብኝ' ማለት 'ማር አልፈልግም' ከማለት ይከብዳል?"

"ያኔ ከብዶኝ ነበር።"

"እኔ እኮ ያንን ማር እስከ ዛሬ አልነካሁትም" አለና ውሃውን ጠጣ። ከዚያ ተነሥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። ሁለት ጊዜ ሊስመኝ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ለቅሶ ቀደመው። እኔም አላማረብኝም።

ርእሰ መምህሩ ከወደ ኋላ ሳል አሉ። "እኔም አለብኝ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አራት ዓመቴ ነው።" ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። እትዬ ዝናሽ፣ "እኔስ ለዚህ አይደል ሻይ ሳፈላ የራሴን ያለ ስኳር የምቀዳው" አሉ። አንድ ጎረቤቴም እጁን ከፍ አድርጎ፣ እንደ ተማሪ፣ ዝም ብሎ ቆመ። አንድ ሰፈር ሙሉ ስንደባበቅ ኖረናል።

ከዚያ በኋላ ያለውን አያ ካሳው ተረከበው። ሐኪሙ ዘንድ አብሮኝ ገባ። ሐኪሙ ምሕረት የላከችውን የብልቃጡን ፎቶ አይቶ፣ የስኳር መድኃኒቴን ሳልነካ፣ ስኳሬን እየለካሁ ለተወሰነ ጊዜ እንድሞክረው ተስማማ። አያ፣ "እኔም ልታይ" ብሎ ጣቱን ሰጠ። ስኳሩ ደህና ሆኖ ተገኘ። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰቆጣ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ካለ ከተማ ውስጥ ያልነበረ ነው፤ አንደኛ የወጣ ተማሪ እንኳ እንደዚያ አይኩራራም።

አባ ሞላ ብልቃጡን ሲመልሱልኝ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ጾም ገብቷል፤ የእንክብሉ ልባስ ከምን እንደተሠራ ብርቱካንን ጠይቀው ከእንስሳ ሊሆን እንደሚችል ነግራቸዋለች። ጥቂት አሰቡና፣ "መድኃኒት ብለህ ዋጠው። ጣፍጦህ ከሆነ ግን ንስሐ ግባ" አሉኝ።

የመጀመሪያውን እንክብል የዋጥኩት በሕዝብ ፊት ነው። አጥሩ ላይ የተደገፉትን ሳልቆጥር ግቢው ውስጥ አሥር የሚያህሉ ነበሩ። አያ አጠገቤ በአንድ እጁ ወተት፣ በሌላው የደሴን ሰዓት ይዞ ቆሟል፤ ወተቱ አሲድ ያበርዳል ብሎ ነው። ዋጥኩ። ግማሽ ሰዓት ተጠበቀ። በሃያኛው ደቂቃ አገሳሁ፤ ሁለት ሰዎች ወደ ኋላ ሸሹ። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ቁርሴ ቀረበ፣ በላሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ተመልካቹ አንድ በአንድ ወደየሥራው ሄደ። ትንሽ ቅር ያላቸውም ይመስለኛል። ወተቱን አያ ጾሙን ረስቶ ራሱ ጠጣው።

አያ ወደ ዝቋላ ከተመለሰ በኋላ በየጠዋቱ ይደውልልኝ ጀመር። ቤቱ ጋ ኔትወርክ ስለሌለ ከቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ይወጣል። "ዋጥክ?" ይላል። "ዋጥሁ።" "በላህ?" "ገና ነኝ፣ ግማሽ ሰዓቱ አልሞላም።" "እስኪሞላ እናውራ።" ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ሞቱትና ስለ ተወለዱት፣ ሦስት ዓመት ሳንነጋገር ያለፈንን ሁሉ በግማሽ በግማሽ ሰዓት እየከፈልን አወራረድን።

ረዳህ ወይ ትሉኛላችሁ። ማቃጠሉ በርዷል፤ ዝም ያለው ቦታ ግን ዝም እንዳለ ነው። ከእንክብሉ ይሁን፣ ስኳሬን በደንብ ከመጠበቄ ይሁን፣ በየማታው ከርእሰ መምህሩና ከጎረቤቴ ጋር ከምናደርገው የእግር ጉዞ ይሁን፣ ሐኪሙም እኔም ለይተን አናውቅም። ብልቃጡ ሲያልቅ ሐኪሙ ለጊዜው እንዳርፍ ነገረኝ።

ይህን ለአያ አልነገርኩትም። ብነግረው መደወሉን ያቆማል ብዬ ነው። ጠዋት ጠዋት "ዋጥክ?" ሲለኝ ምራቄን እውጥና "ዋጥሁ" እላለሁ፤ ይህ ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜአለሁ። ቁርሴ እየቀዘቀዘ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ታደሉ እያየችኝ ራሷን ትነቀንቃለች።

ባለፈው ሳምንት ግን ጸጸተኝ። ዝናብ ነበር፤ በስልኩ ውስጥ ጉብታው ላይ የሚወርደው ይሰማኛል። "አያ" አልኩት፣ "እንክብሉ አልቋል። ካለቀ ወር አልፎታል። ዝም ያልኩህ..."

"አውቃለሁ" አለኝ። "ያለቀ ዕለት ታደሉ ነግራኛለች።"

"ታዲያ በዚህ ዝናብ ለምን ትወጣለህ?"

"አንተስ ቁርስህን ሳትበላ ለምን ትጠብቃለህ?" አለኝ፤ መልሴን ሳይጠብቅም ትናንት መንታ ስለ ወለደችው ፍየል መንገር ጀመረ።